ሠላሳ ደቂቃ

ሳይረኑ ሦስት ጊዜ አለቀሰና ዝም አለ፤
ከይሩሃም በስተደቡብ፣ ነፋስ እንኳ የዋለ
ያደረ በማይመስልበት ነጭ ሜዳ ላይ፣
ጣቴን ከቁልፉ አኑሬ አየሁ ወደ ሰማይ፣
ወፍ እንዳይኖር ብዬ።

አሥራ ሰባት ጉድጓድ፣ ስድስት ሜትር ጥልቀት፤
ሮዝ ፍሬ ማዳበሪያ፣ ናፍጣ የጠጣበት፤
ከላይ ጠጠር ሞልቼ፣ አፉን ጠቅጥቄ፣
ቢጫውን ቱቦ ከቱቦ አያይዤ አጥብቄ፤
በየመሃላቸው ሃያ አምስት ሺኛ ሰከንድ፣
አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ እንዲሄድ፣
ዓለቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ እኛ እንዳይናድ።

ተጫንሁት።

ባልጩቱ ከሥሩ ተነስቶ እንደ ሳቀ ሰው
ጥርሱን ከዳር እዳር በተራ ገለጠው፤
ግን አንድ ጥርስ ጎደለው።
ሌላው አላስተዋለም፤ እኔ በውስጥ እግሬ
ከአሥራ ሰባት አንዱን አጣሁት ቆጥሬ።

ደንብ ነው፤ ከሸፈ ከተባለ አንድ ጉድጓድ፣
ሠላሳ ደቂቃ ክልክል ነው መራመድ።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
ዝም ባለ ጉድጓድ ግን እሳት ነው የሚያድረው።

ኤላድ ይቁነጠነጣል። ከጦር ቤት ከወጣ
ስድስት ወሩ ነው፤ ለእሱ ሁሉም አሁን ይምጣ።
«አንድ ጉድጓድ እኮ ነው፣ ሮጥ ብዬ ልየው?» ይላል፤
«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስለው ይስቃል፤
አማርኛው ከእናቱ ደጃፍ አልፎ አያውቅም፣
ምን እንደፈሰሰ፣ ማን እንደለቀመ አይጠይቅም።
እዚህ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ሊዮኒድ መሐንዲሱ ሰዓቱን ያያል፤
ከከሰል ጉድጓድ አገር ሦስት ጣቱን ጥሎ መጥቷል፤
ስለዚህ አይቸኩልም።

ኡዳ፣ ቆፋሪያችን፣ ከመኪናው ጥላ ሻይ ይቀዳል፦
«እንግዳ ሦስት ቀን አይጠየቅም ምን ሊል እንደመጣ፤
ይሄማ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ቁጭ በልና ጠጣ።»

አባቴ ደንቢያ ላይ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣
ወናፍ ነፊ ነበርሁ፣ ከፍሙ ፊት ስቀመጥ።
ማረሻችንን ገዝቶ፣ ልጁን ከጋቢው ከቶ፣
ይሄድ ነበር ባላገሩ ዓይናችንን ፈርቶ።
አሁን እሳት የምይዝበት ወረቀት አለኝ፣
ማኅተም ያረፈበት፤ ፎቶዬ ከላዩ ሆኖ የሚያየኝ።
አባቴ ወረቀት አልነበረውም።
«የቀላ ብረት አያታልልም፤ የጠቆረውን ፍራ፣»
ይለኝ ነበር፣ መዳፉን እያሳየ ከነጠባሳው ጋራ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ። በልቤ ኤላድን ከሰስሁ፤
የእሱ ረድፍ ነው፣ የእሱ እጅ ነው እያልሁ ፈረድሁ፤
የምናገረውን ሁሉ ቃል በቃል አሰናዳሁ።
ሃያ ዘጠኝ።
ሠላሳ ሞላ። ብቻዬን ሄድሁ።

ትኩስ ድንጋይ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤
አቧራው ምላስ ላይ ኖራ ኖራ ይላል።
ዘጠነኛው ጉድጓድ ጠጠሩን እንደ ቆብ ደፍቶ፣
በፈረሱት መሃል አለ፣ ሳይነካ፣ ሙሉ ሞልቶ።
ተንበረከክሁ።
መቆለፊያው ክፍት ነው፤ ቱቦው ከውስጡ የለም።
ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል ሁለት ዙር፣
ከዚያ ወደ ግራ ታጥፏል።
እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው በዚህ ሁሉ አገር።
እኔ።

አዲስ መለኮሻ አሰርሁ። ቆለፍሁ። ጎተትሁ።
ደግሜ ጎተትሁ።
ያን ያሰናዳሁትን ቃል የት እንደምጥለው አጣሁ።

«ምን ነበር?» አለኝ ልጁ።
«የእኔ እጅ ነው፤ መዝገቡ ላይ እንደሆነው ጻፈው፤
ወንዲ ብለህ አይደለም፣ ሙሉውን፤ ወንድይፍራው።»

ሳይረኑ ሦስቴ። ቁልፉን ለኤላድ ሰጠሁት።
የጎደለው ጥርስ ዘግይቶ ሲስቅ ሰማሁት።
«አንድ፣» አለ ልጁ፣ ባማርኛ፣ አቧራው ሳይወርድ።
ኡዳ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋ፣ ሌላ ሊጥድ።